የአስታዋ ትኋን

የነፍሳት ተመራማሪው አስከሬን ከገደሉ ግርጌ ሲገኝ፣ አገር ምድሩ ገዳዩን ያወቀ መሰለው፤ ራሱ ነው ተባለ። በዋዜማው ከሚስቱ ጋር ተጣልተው፣ «እንግዲህ ከዚያች ትኋንህ ጋር ኑር» ብላው ነበር። ያን ቃል መልሳ መዋጥ ስላልቻለች ራሷን ስትረግም ሰነበተች።

የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን በሰው ወሬ መዝገብ የምትዘጋ አልነበረችም። ሐኪሙ የሟቹን ጭብጥ ሲያላቅቅ ትኋን የተያዘባት አንዲት ብልቃጥ ወጣች። መርማሪዋ ብልቃጧን ይዛ፣ ለማንም ሳትናገር ወደ ለቅሶው ቤት ሄደች።

«እዚያ አፋፍ ላይ ምን ፍለጋ ነበር የሚወጣው?»

«ያቺን የዱር ትኋን ነዋ» አለች ሚስቲቱ። «አስታ ከሚባለው ቁጥቋጦ በቀር ሌላ አትቀምስም። እሷም እንደ ልብ አትገኝ። ጣውንቴ እላት ነበር።»

የሟቹ ሾፌር አንገቱን ደፍቶ፣ «ትኋኗ የመኪና ድምፅ አትወድም ስላሉኝ መንገድ ዳር አውርጃቸው ተመለስኩ» አለ። «ምነው ባልሰማኋቸው።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የሚስቲቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ከሟቹ ጋር አንድ ክፍል የሚሠራ ተመራማሪ ሲሆን፣ የዚያን ቀን ከቢሮ አልወጣሁም ብሏል።

«እንዴት ነው የምትያዘው?» አለችው መርማሪዋ።

«በትዕግሥት ነው። ከቁጥቋጦው ሥር ደረቁን ቅጠል ቀስ አድርጎ መግለጥ ነው፤ የረገፈ ፍሬ ሲመጥ ይገኛል። ከነኩት ግን ብር ብሎ ይሄዳል።»

በማግስቱ ሦስቱንም የሟቹ መሥሪያ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸውና ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መጻሕፍቱን አገላብጫለሁ። እስከ ዛሬ የተገኘችው ሴቷ ብቻ ናት። ክንፍ የላትም፤ ሲነኳት ትደበቃለች እንጂ አትበርም። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ይህ ግን ባለክንፍ ነው፤ ወንዱ ነው። ከሟቹ ጭብጥ ሲወጣ ገና ይንቀሳቀስ ነበር፤ ስለዚህ የተያዘው የዚያኑ ዕለት ነው። ሟቹም ለማንም አላወራም፤ አልተመለሰማ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ሁሉም ‹እሷ› ሲል፣ አንተ ብቻ ‹ብር ብሎ ይሄዳል› አልከኝ። ሲበር የት አየኸው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ።

«ሾፌሩ ከተመለሰ በኋላ ደርሼበት አብረን ነበርን» አለ። «ያየሁት እኔ፣ የያዘው እሱ። በግኝቱ ላይ የእኔ ስም ይቅደም ስለው ሳቀብኝ። ገፋ አደረግኩት። ገደሉ እዚያ መሆኑን… ረስቼው ነበር፣ እታለም።»

እህቱ ወደ እሱ ዞረች።

«ለቀስተኛው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየኝ፣ ‹አንቺ አልገደልሽውም› ብለህ የማልክልኝ አንተ ብቻ ነበርክ» አለች። «ለካ እውነትህን ኖሯል።»