በቻርጀሩ ጠባቂ ፊት ላይ ቀይ አቧራ

ሟቹ የተገኘው በጀርባው ተንጋልሎ፣ የቻርጀሩን ወፍራም ገመድ በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ነበር። ኢንስፔክተር ዓዲላ ከከሚሴ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በባጃጅ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም፤ ወሬው ግን ቀድሟት ገበያ ገብቷል። «ኤሌክትሪኩ ሰው በላ!» ይላል ሕዝቡ። ዕድሜውን ሙሉ ቤንዚን ሲሸጥ የኖረ ኩባንያ ምን አቅብጦት መብራት ይሸጣል፣ ይኸው ሰው ፈጀ፣ ይላል። ሕዝብ ፍርድ ለመስጠት ሬሳ እስኪቀዘቅዝ መቼ ይጠብቃል!

ማደያው ከከተማው መውጫ፣ በደሴ መንገድ ላይ ነው። በአንድ ወገን የድሮዎቹ የቤንዚንና የናፍጣ መቅጃዎች ቆመዋል፤ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በሌላው ወገን ኩባንያው በቅርቡ ያሠራው ነጭ የሲሚንቶ ወለል፣ አዲስ ዳስና የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሞላው ቻርጀር አሉ። ሟቹ ሙሀመድአሚን የማደያው የረጅም ዘመን ዘበኛ ነው። ቻርጀሩ ከቆመ ወዲህ እሱን መጠበቁም፣ ገመዱን ለእንግዳ ማቀበሉም የሱ ሥራ ሆኗል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ሞቱ የሚነገረው ዘመድ ቢፈለግ አልተገኘም።

ይህን ስትሰማ ዓዲላ የራሷን ቤት አሰበች። እሷም ከሰንበቴ ተዛውራ ከመጣች ጀምሮ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ሬዲዮውን አታጠፋም፤ ስትመለስ ቤት ውስጥ የሚያወራ እንዲኖር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የማደያው ሥራ አስኪያጅ አቡበከር ወደ እሷ ሮጦ መጣ። ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር። ያቺ ልጅ ትናንት ማሽኑን ከፍታ ስትነካካ ዋለች፤ ዛሬ ሰው ገደለ። ለኩባንያው ደውዬ ተናግሬያለሁ። ቻርጀሩም ይነቀላል፣ እሷም ትጠየቃለች።»

«ያቺ ልጅ» ያላት የኩባንያው ቴክኒሻን ዓፊያ ናት። ቻርጀሩን ለመጠገን ከኮምቦልቻ መጥታ ከተማ ሆቴል አድራለች። አሁን በኮንስታብል ተጠብቃ ዳሱ ጥግ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጥፋቱ በሷ ከተረጋገጠ የሚጠብቃት እስር ቤት ነው።

ዓዲላ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የመጣው ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«ማጅራቱ ላይ ቁስል አለ። ኤሌክትሪክ ጥሎት ወለሉ መትቶት ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ሁልጊዜ የቃጠሎ ምልክት አይተውም። እዚህ ቆሜ መማል አልችልም።»

እሷ ግን ዓይኗን ከሟቹ ፊት አልነቀለችም። ከግንባሩ እስከ አገጩ ስስ ቀይ አቧራ ተቀብቷል። ሁለቱም እጆቹ ላይ ያው ቀይ አቧራ አለ። ጀርባው ያረፈበት ወለል ነጭና ንጹሕ ነው፤ በጀርባው የወደቀ ሰው ፊቱ እንዴት አቧራ ይለብሳል?

«እኔ ሳልፈቅድ እንዳይታጠብ» አለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኘውን ዘይኑን ነው። ዘይኑ ነዳጅ ቀጂ ነው፤ ሌሊቱን ተረኛ ነበር። ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

«አካም ቡልታኒ፣ ኢንስፔክተር» አላት ብድግ ብሎ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ደህና አደርኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ይቀመጡ ጋሽ ዘይኑ። ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ እህቴ፣ ኢናሊላሂ! ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት ተነሳ። ቧንቧው ጋ ለሶላት ሲታጠብ፣ ውዱእ ሲያደርግ ውኃው ሲንሿሿ ከዚህ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ እጁን ሳያደርቅ መጥቶ ገመዱን ሊሰቅል ያዘው። እርጥብ እጅና ኤሌክትሪክ፣ በቃ! አንዴ ጮኸ፤ ሮጬ ስደርስ አልቋል።»

«ወዳጅ ነበራችሁ?»

«ከጎረምሳነታችን ጀምሮ። ማታ ማታ እዚህች አግዳሚ ላይ አብረን ነበር የምናመሸው። ይህ ነገር ከመጣ ወዲህ ግን...» አለና ወደ ቻርጀሩ በአገጩ ጠቆመ።

ጀሚል የሚባለው የቦቴ ሾፌር ሌሊቱን መኪናው ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ነበር። አቡበከር ሹክ እንዳላት ከሆነ ትናንት አመሻሽ ላይ ከሟቹ ጋር ተጯጩኸዋል። ጀሚል ሲጠየቅ አልካደም።

«ወላሂ በውኃ ነው የተጣላነው! ቦቴዬን ሳጥብ ሮቶውን ጠብታ ሳላስቀር ጨረስኩት። ‹ምን ዓይነት ሰው ነህ!› ብሎ ጮኸብኝ። ‹አብሽር፣ ፓምፑ ሌሊት ይሞላልሃል› ብዬ ሳቅሁበት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! የመጨረሻ ንግግራችን ይሄ ሆነ።»

ዓዲላ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተችው። ውኃው ዠቅ አለ።

«ይኸው፣ ሞልቷል» አለ ጀሚል።

«ሞልቷል» አለች እሷም፣ እያሰበች።

ከዚያ ከዓፊያ ጎን ተቀመጠች። ኮንስታብሉን በዓይኗ ራቅ አደረገችው።

«ለጥገና ለምን ጠሩሽ?»

«ማሽኑ ሲመሽ ይጠፋል፣ ጠዋት ይነሳል። ደጋግሜ መጣሁ፤ ፈትቼ አየሁት፣ ምንም የለበትም። ትናንትም ቀን ሙሉ በሰላም ሠራ። ሾፌሮች ግን ‹የከሚሴው አይታመንም› እያሉ ማለፍ ጀምረዋል።»

«የውኃ ፓምፑ መብራቱን ከየት ነው የሚያገኘው?»

«ከዚሁ ከቻርጀሩ መስመር። ኩባንያው ለቻርጀሩ የራሱን ትራንስፎርመር ሲያስተክል ፓምፑን አብረን አገናኘነው። የነዳጁ ወገን ግን አሁንም በከተማው መስመር ነው።»

«ታዲያ ይህን መስመር ማጥፋት የፈለገ ሰው?»

«ከኋላ፣ ትራንስፎርመሩ አጥር ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። የአጥሩ ቁልፍ የሚሰቀለው ነዳጅ ቀጂዎቹ ክፍል ነው።» ዓፊያ እንባዋ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ ጋሽ ሙሀመድአሚን ይህን ቻርጀር ይወዱት ነበር። ለምን እንደሆነ ያውቃሉ? ነዳጅ የሚቀዳ ሰው በመስኮት ከፍሎ ይሄዳል። ባትሪ የሚሞላ ግን መቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ‹አላህ ሰው የሚያስቀምጥልኝ ማሽን ሰደደልኝ› ይሉኝ ነበር። ታዲያ እሳቸውን የገደለ ማሽን የሠራሁት እኔ ነኝ?»

ዓዲላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና ተነስታ ወደ ኋላ፣ ወደ ትራንስፎርመሩ ሄደች። በትራንስፎርመሩ አጥር ዙሪያ ከኮረብታ የመጣ ቀይ አፈር ተደልድሏል። የማደያው ግቢ በሙሉ በዘይት ሲጠቁር፣ ይህች ቦታ ብቻ ንጹሕ ናት። አፈሩ ላይ ጎን ለጎን የተመቱ የሁለት መዳፎች ምልክት በግልጽ ይታያል። ከአጥሩ የሲሚንቶ መሠረት ሥር ያለው አፈር ደግሞ አሁን የተጠረገ ይመስላል። በእንጨት ጫር ስታደርገው ከሥሩ ደም የጠጣ አፈር ወጣ።

ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በፊት ሁሉንም ዳሱ ሥር ሰበሰበቻቸው። የመስጊዱ ጀመዓ ቃሬዛውን ይዞ ከነኢማሙ ውጭ ቆሟል። አቡበከር ተቁነጠነጠ።

«ኢንስፔክተር፣ ጀናዛ አይቆይም! ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀሙ እኮ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ አቶ አቡበከር። ትንሽ ይታገሱኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለሶላት የተነሳ ሰው ፊቱና እጆቹ ላይ ብቻ ንጹሕ አቧራ ቢገኝ ምንድን ነው?»

ሁሉም ተያዩ። ጀሚል ነው ጭንቅላቱን የያዘው።

«ያ አላህ! ተየሙም አድርጓል!»

«ተየሙም የሚያደርግ ማን ነው?»

«ውኃ ያጣ ነዋ፤ በውኃ ፈንታ ፊቱንና እጁን በንጹሕ አፈር ያብሳል። ውኃ እያለለት በአፈር የሚያደርግ የለም።»

«እንግዲህ ሙሀመድአሚን ለሱብሂ ሲነሳ ቧንቧው ደርቋል ማለት ነው። ሮቶውን ጀሚል አመሻሽ ላይ ጨርሶታል፤ ፓምፑ ደግሞ ሌሊቱን አልሞላውም። ዓፊያ፣ ፓምፑ ለምን አልሠራ ይላል?»

«መስመሩ ከጠፋ...» ልጅቷ ድንገት ቆመች። «መስመሩ ከጠፋ ቻርጀሩም ጠፍቷል!»

«ጠፍቷል። በድን የሆነ ማሽን ሰው አይገድልም። ተቀመጪ ልጄ፤ የገደልሽው ሰው የለም።»

ዓፊያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አቡበከር ግን አልተረታም።

«ቆይ እንጂ! እኔ ራሴ ስደርስ ቻርጀሩ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ነበር እኮ!»

«በርቶ ነበር። ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው የበራው፤ ሮቶውም የሞላው ያን ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ አቧራውን እንይ። ቀይ ነው። ተየሙም በንጹሕ አፈር ነው፤ እዚህ ግቢ ናፍጣ ያልነካው አፈር ከትራንስፎርመሩ ሥር ብቻ ነው ያለው። እዚያ የመዳፎቹን ምት አይቻለሁ። የተጠረገ ደምም አይቻለሁ። ሙሀመድአሚን የሞተው እዚያ፣ ከማብሪያው አጠገብ ነው። ተሸክሞ እዚህ ያመጣውና ገመድ ያስጨበጠው ሰው በጨለማው ፊቱን አላየም።»

«ማን ነው?» አለ ጀሚል። «እኔን ነው የጠረጠሩት?»

«አንተማ ውሸት ብትፈልግ ውኃ አትጨምርበትም ነበር፤ አሟጠህ የጨረስከው ራስህ ነህ። ከመካከላችሁ ግን አንድ ሰው ‹ውዱእ ሲያደርግ ውኃው ሲንሿሿ ሰማሁ› ብሎኛል። እርጥብ እጅ የሚያስፈልገው ቻርጀሩን ገዳይ ሊያደርግ ለፈለገ ሰው ነው። ሮቶው ባዶ መሆኑን አላወቀም። ያ ሰው የአጥሩ ቁልፍ እራስጌው ተሰቅሎ ነው የሚያድረው።»

የሁሉም ዓይን ዘይኑ ላይ አረፈ። ዘይኑ ወደ ማንም አላየም።

«ቻርጀሩ ሲበረታ ናፍጣው ይዘጋል፣ አንተም ትሰናበታለህ ብዬው ነበር» አለ አቡበከር ቀስ ብሎ። «ለእንጀራው ብሎ ነው...»

«ለእንጀራ አይደለም!» ዘይኑ ጮኸ። «እንጀራውስ ገደል ይግባ! ማታ ማታ እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሌላ ምን ነበረኝ? ይህ ማሽን ሲመጣ ወንበሩን ወደዚህ አመጣ። አንዱ እንግዳ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። እሱ ከሰው ጋር ይስቃል፣ እኔ ማዶ ሆኜ ሳቁን እሰማለሁ። ‹ናና ተቀመጥ› ይለኛል፤ መቅጃውን ጥዬ ወዴት ልምጣ? ስለዚህ ሲመሽ ማጥፋት ጀመርኩ። ሲጠፋ እንግዳው ይሄዳል፤ እሱም ወደ አግዳሚው ይመለሳል።»

«ዛሬስ?»

«ሳይነጋ ልመልሰው ስሄድ ሶላቱን ጨርሶ ሲነሳ ተገናኘን። ‹ሰው የምታባርርብኝ አንተ ነህ?› አለኝ። ኮሌታዬን አነቀኝ። ገፈተርኩት፤ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።»

«ወዲያው ሞተ?»

ዘይኑ የገዛ እጁን ገልብጦ አየ።

«አልሞተም» አለ። «እጄን ያዘኝ። ‹ሂን ዴሚን፣ ና ቢራ ታኢ› አለኝ። አትሂድ፣ አጠገቤ ተቀመጥ አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ፈራሁ። እጄን አስለቅቄ ሄድኩ። ስመለስ ነፍሱ ወጥታለች።»

ዓዲላ ካቴናውን ራሷ አሰረችለት። ሟቹ ታጥቦ፣ ተከፍኖ ቃሬዛው ላይ ሲያርፍ ኢማሙ ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

«ቀብር ውስጥ ገብቶ የሚያሳርፈው የቅርብ ሰው ማን ነው?»

ማንም ወደ ፊት አልወጣም። ኢማሙ ደግመው ጠየቁ። ያን ጊዜ ዘይኑ የታሰሩ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

«እኔ ላሳርፈው» አለ። «በአላህ ይሁንብሽ ኢንስፔክተር። ከኔ ሌላ ሰው የለውም።»

እውነቱን ነው፤ የለውም። ዓዲላ ይህን ታውቃለች፤ ሆዷም እሺ በይው ብሏት ነበር።

«አይሆንም ጋሽ ዘይኑ» አለችው። «አጠገቡ መሆን የነበረብዎ ጎህ ሲቀድ ነበር።»

ጀሚልና አቡበከር ሳይጠሩ ወደ ፊት ወጥተው ቃሬዛውን ከፊት በኩል ያዙት፤ ጀመዓውም ተከትሏቸው ወደ መቃብሩ ሄደ።