የማህጁብ መንገድ

ከአሶሳ ወዲያ፣ ወርቅ ከሚታጠብበት ወንዝ ማዶ፣ ዓዲላ የምትባል አዋላጅ ነበረች። ሌሎቹ አዋላጆች የምታምጥን ሴት «አይዞሽ፣ ግፊ» ሲሏት፣ ዓዲላ በሩን ገርበብ አድርጋ መንገዱን ታሳያታለች። «ባልሽ ከወንዝ እየመጣ ነው፤ እዪው» ትላታለች። ምጡ ሲጠና ባልየው በዓዲላ ቃል ዳገት ይወጣል፤ ምጡ ጋብ ሲል ጥላ ስር ያርፋል፤ ደጃፍ ሲደርስ ልጁ ይወለዳል። ሕመሙ አይጠፋም፤ ግን ይቀልላቸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ምጥ የያዛት የገዛ ምራቷ፣ ወርቅ ሊቆፍር የወጣው የበኩር ልጇ የማህጁብ ሚስት ኢንዓም ናት። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ልጆች አልቆዩላትም። «ይሄኛው ከሄደ እኔም አብሬው ነው» ብላ ነበር። ለምጥ መያዣ ከጣሪያው የወረደውን ገመድ ጨብጣ፣ ዓይኗን መንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተከለች።

«ማህጁብ የት ደረሰ?»

«ወንዙን ተሻገረ። እግሩን እያራገፈ ነው።»

ዓዲላ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ ታናሹ ልጇ ሐመድ አፈር በአፈር ሆኖ ቆሟል።

«እማ... የወርቁ ጉድጓድ ተደረመሰ። ማህጁብን አወጣነው... ግን...»

አፉን በእጇ ከደነችው። እናንተዬ! እናት የበኩር ልጇን መርዶ ሰምታ ደረቷን ሳትመታ እንዴት ትቆማለች? ዓዲላ ግን ቆመች። አንዲት ጩኸት ከወጣች ምራቷም የልጅ ልጇም እንደማይተርፉላት ታውቃለች።

«ማንም እንዳያለቅስ። እጠቡትና ቅበሩት።»

«ፊቱን ሳታዪው?»

«ሳላየው» አለች። ፊቷን በውሃ አብሳ ተመለሰች።

«የት ደረሰ፣ እናቴ?»

ምን ትበል? መንገዱን ያስጀመረችው ራሷ ናት!

«ዳገቱን ጀመረ። ቀና በይ፣ እዪው።»

«ምነው ቆየ?»

«ደክሞት ነው ልጄ... በጣም ደክሞታል።»

ወዲያ ማዶ ሰዎቹ ማህጁብን ተሸክመው ወደ መቃብር ሲወስዱት፣ እሷ በቃሏ ወደ ቤቱ ታመጣው ነበር። «ዋርካው ጋ ደረሰ... ሳቀ... ደጃፍ ነው፣ ግፊ!» ልጁ እሪ አለ። ወንድ ነው፤ ደህና ነው።

ኢንዓም ላቧን እንኳ ሳትጠርግ፣ «አሁን ይግባና አዛኑን ይበልለት» አለች። የተወለደ ልጅ ጆሮ ላይ አዛን የሚለው አባቱ ነዋ! የገባው ግን ከቀብር የተመለሰው ሐመድ ነው። ሕፃኑን ታቅፎ በቀኝ ጆሮው «አላሁ አክበር» ሲል ድምፁ ተቆረጠ። ኢንዓም እሱን አየች፤ ከዚያ ዋርካውን፤ ከዚያ ዓዲላን።

«እናቴ... ማህጁብ አልመጣም እንዴ?»

«አልመጣም ልጄ። አይመጣም።»

«አንቺስ ፊቱን አየሽው?»

«ካንቺ ጋር ነው ያየሁት፤ በዚሁ በር» አለችና ዓዲላ ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን ጩኸት ለቀቀችው። ሁለቱ ሴቶች ሕፃኑን መሃል አድርገው ተቃቅፈው አለቀሱ።

ዕጣ ፈንታ እንዲህ ነው፤ በአንድ ቀን ወሰደ፣ በዚያው ቀን ሰጠ፤ ማን ይጠይቀዋል? ዓዲላ ከዚያ ወዲህም ብዙ ሴቶች አዋልዳለች። «ባልሽ እየመጣ ነው» ያለቻት ሴት ግን የለችም። በሩን ገርበብ ታደርግና፣ «ዋርካውን እዪ ልጄ፤ እሱ የትም አይሄድም» ትላቸዋለች።