ሽርጡን ይዞ የሮጠው ሰው

በእኛ መንደር ሰላምታው «የት ትሄዳለህ?» ነው። መልሱ ለማንም ግድ አይሰጠውም፤ «እዚህ ድረስ» ማለት ይበቃል። ዝም ብሎ ማለፍ ግን ነውር ነው። ገጀራ ይዞ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ያስገድላል።

እኔን ከደራማን ጋር ያስተዋወቀኝ የአባቴ ጦጣ ነው። አባቴ ፓክ ጁሶህ ኮኮናት የሚያወርድለት ጦጣ ነበረው፤ ገመዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ይሄ ባለጌ ኮኮናቱን ወደ ወንዙ ወረወረውና ፍሬው በሚያልፍ ጀልባ ላይ አረፈ።

«አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለ ቀዛፊው፣ ደራማን።

«እኔ ምን አደረግኩ? እሱ ነው!» ዛፉን አሳየሁት።

«እሱማ አላየኝም። አንቺ ግን አይተሽኛል።»

እውነቱን ነው፤ አይቼዋለሁ። ፊቴ እሳት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያ ጀልባ በየቀኑ በእኛ በኩል የሚያልፍበት ጉዳይ አያጣም ነበር። ብዙም አንነጋገርም። እሱ መቅዘፉን ይተዋል፣ እኔ ገመዱን እረሳለሁ፣ ጦጣው ብቻ ይጮኻል።

በዓመቱ እናቱ የሲሪህ ሳጥን ይዛ መጣች። ሲሪህ የሚታኘክ ቅጠል ነው፤ ሳጥኑን የተቀበለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። አባቴ ተቀበለ። ስምንት ወር ቆይቶ ግን የታችኛው ከተማ ባለወፍጮ ለልጁ ሲጠይቀኝ የአባቴ ልብ ሸፈተ። ሳጥኑን በሰው መልሶ ላከው።

«ካልሶም፣ ነገ ታመሰግኚኛለሽ» አለኝ። አላመሰገንኩትም። እህል አልቀመስኩም።

ደራማን ሦስት ቀን ከቤቱ ደረጃ ላይ ሳይነሳ፣ ሳይናገር ተቀመጠ። መንደሩ መንሾካሾክ ጀመረ።

እኛ ለቁጣ ቃል አላነሰንም። ተቆጣ፣ ጦፈ፣ ገነፈለ፣ አበደ እንላለን፤ በነዚህ ማንም አይሞትም። «አሞክ» ግን ለብቻው ነው። ውርደት ውስጡ ሲብላላ ከርሞ፣ ድንገት ስለት መዝዞ ያገኘውን ሁሉ የሚቆርጥ ሰው ነው አሞክ የሚባለው። ያ ቃል አንዴ ከተጮኸ የእንጨቱ ከበሮ ይመታል፤ ወንዶች አንገት የሚይዙበት ረጅም ባላና ጦር ይዘው ይወጣሉ። ሰውየው ቢሞት ደሙን የሚጠይቅ የለም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ነበር። እናቴ ሩዝ ልታጥብ ወንዙ ላይ ወዳለው የቀርከሃ ርብራብ ወረደች። እኔ በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ አባቴና ጎረቤታችን አዋንግ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታችን ሥር ተቀምጠው ያወጋሉ።

ደራማን በመንገዱ መጣ። ይሮጣል። ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ በቀኝ እጁ ገጀራ ይዟል።

«ደራማን! የት ትሄዳለህ?» አለ አዋንግ።

መልስ የለም።

«ደራማን!»

አሁንም ዝም። አባቴ ብድግ አለ። የበደለ ሰው ፈሪ ነው፤ «የመጣው እኔን ሊገድል ነው» ብሎ አመነ።

«አሞክ!» ብሎ ጮኸ።

ከበሮው ተመታ። ሴቶች በሮቻቸውን ዘጉ። አባቴ ባላውን ነጥቆ ተንደረደረና የደራማንን አንገት ከኮኮናቱ ግንድ ጋር አጣበቀው። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። አዋንግም ጦር አንስቶ ሊወጋው ወደ ኋላ ሳበ።

ያኔ ነው ግራ እጁን ያየሁት። የረጠበ ሽርጡ እንዳይወልቅ ጭብጥ አድርጎ ይዞታል። በጥርሱ ደግሞ የተጠቀለለ ገመድ ነክሷል።

እንዴት ከደረጃው እንደዘለልኩ አላውቅም። በጦሩና በእሱ መሃል ቆምኩ።

«ካልሶም! ዞር በይ!» አለ አባቴ።

«አልዞርም! አባዬ፣ ይዩት እንጂ! አሞክ የሆነ ሰው ሽርጡ ቢወልቅ ምን ይገደዋል?»

«አብደሻል?»

«ገመዱንስ ምን ያደርግበታል? እግዜር ያሳያችሁ፣ እጁን እዩት!»

ሁሉም አዩት። አዋንግ ጦሩን አወረደ። የአባቴ እጅ ሲላላ ደራማን ገመዱን ተፋ። ከአፉ የወጣው ድምፅ ሳይሆን እስትንፋስ ነበር፤ ከንፈሩን ግን አነበብኩት። እናትሽ።

ወደ ወንዙ ሮጥን። ጎርፉ ያመጣው ግንድ ርብራቡን ሰባብሮ እግሯን ቆልፎታል፤ ውሃው አገጯ ደርሷል። ደራማን ከቤቱ ደረጃ ላይ አይቷት ኖሮ መጀመሪያ በባዶ እጁ ታግሎ አቅቶት፣ ገጀራና ገመድ ሊያመጣ ቤቱ ደርሶ ሲመለስ ነው የያዝነው። እየደማ ገባ። ገመዱን በብብቷ አሰረ፣ ቀርከሃውን ቆረጠ፣ እኛ ጎተትን።

እናቴ ዓይኗን ስትገልጥ «ሩዙ ሄደ» አለች። ከዚያ አንገቱን አየች። «ይሄን ማን አደረገው?»

አባቴ «እኔ» አለ፤ ጭቃው ላይም ቁጭ አለ።

በማግሥቱ አባቴ የራሳችንን የሲሪህ ሳጥን በራሱ ተሸክሞ ወጣ። የሴት ወገን ሳጥን ሲወስድ አይቶ የሚያውቅ የለም። መንደሩ በየደረጃው ቆመ።

«ፓክ ጁሶህ፣ የት ይሄዳሉ?»

«እዚህ ድረስ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። በየቤቱ ደጃፍ እየቆመ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ፦ «ልገድለው የነበረውን ልጅ፣ ልጄን አግባልኝ ብዬ ልለምነው ነው።»

ደራማን ሳጥኑን ተቀበለ። ድምፁ ግን አልተመለሰም፤ ባላው ጉሮሮውን ሰብሮት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ስሜን በሹክሹክታ ብቻ ነው የጠራኝ። ብቻውን መንገድ እንዲወጣም አልፈቀድኩለትም። አፉ ልሁን ብዬ ከጎኑ እሄዳለሁ።

«ደራማን፣ የት ትሄዳለህ?» ይላል ሰዉ።

እሱ ሽርጡን ያጠብቅና ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል። እኔም ከሩቅ ያለው ሁሉ እንዲሰማ እጮኻለሁ፦

«ከእኔ ጋር ነው! ወደ ቤታችን!»