ሰባተኛው ብሎን

ፋርማሲስቱ የተገኘው ሳሎኑ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። በቀኝ እጁ የኤሌክትሪክ መበየጃ ይዟል። ከፊቱ የተፈለቀቀ የጌም ጆይስቲክ፣ ከጎኑም ብሎኖች የተከመሩበት የሻይ ብርጭቆ አለ።

ፖሊሶች ሲደርሱ የሟቹ ታላቅ ወንድም ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃቸው። ሰውየው መድኃኒት አከፋፋይ ነው። ሰፈሩ «ሁሉን ዐዋቂ» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ሙገሳ ይመስለዋል።

«ኤሌክትሪክ ነው የያዘው» አለ። «ትልቅ ሰው የልጅ መጫወቻ ሲጠግን! ስንቴ ነገርኩት? ኤሌክትሪክ ካልሆነ ደግሞ...» በአገጩ ወደ ሟቹ ሚስት ጠቆመ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስለቀጠነች የሚመስለው ካለ፣ ተወግቶ ያውቀዋል። የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች፤ የቃጠሎ ምልክት የለም። አብሯት የመጣው ሐኪምም የሬሳውን ዐይን ገልጦ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች አየና፣ «ታፍኖ ነው» አላት። ከሶፋው ትራሶች አንዱ መሐሉ ላይ በምራቅ ረጥቦ ነበር።

ሚስቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ማዕዘኑ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣለች።

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር?»

«አዎ። ሌት ተቀን ጌም፣ ጌም ሲል... ጆይስቲኩን ግድግዳ ላይ ወረወርኩበት። ‹ይሄ ነገር ይግደልህ!› አልኩት። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ሥራ ሄድኩ፤ ለምሳ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ማንቀጫቀጭ ጀመረ። ለሰነፍ ፖሊስ የባልና ሚስት ጠብ ግማሽ የእምነት ቃል ነው።

«ሲጠግን አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«መብራት የምይዝለት እኮ እኔ ነኝ! ብሎን እንዲህ ብርጭቆ ውስጥ አይከምርም። ወረቀት ላይ የጆይስቲኩን ቅርጽ ይስልና እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ያስቀምጣል። ባትሪውን ሳያወጣም አይነካውም።»

መርፌ ጆይስቲኩን ገለበጠችው። ባትሪው እንደገባ ነው። የግራ ጎኑ በስለት ተፈልቅቆ ፕላስቲኩ ተቦጫጭቋል። ከስንጥቁ ውስጥ የሆነ ነገር በመቆንጠጫ አውጥታ በወረቀት ጠቀለለችና ኪሷ ከተተችው።

የሟቹ የጨዋታ ጓደኛ ጎረቤት ነው፤ ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ «ቻምፒዮን» ይሉታል።

«አንተስ ጆይስቲክ ትፈታለህ?»

«እኔ? ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝም አላውቅ። ሲበላሽብኝ ለእሱ ነው የማመጣው።»

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ጠላት ነበረው?»

ቻምፒዮን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከወንድሙ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። ‹ቀኑ ባለፈ ሽሮፕ ላይ አዲስ ቀን ለጥፈህ ለሕፃናት ትሸጣለህ? አጋልጥሃለሁ!› ብሎ ወንድሙን ሲያስጠነቅቀው ሰምቻለሁ።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርፌ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች። ከሟቹ መሳቢያ ያገኘቻቸውን ተመሳሳይ ጆይስቲኮች ከነካቻቢቴው አደለቻቸው።

«ክፈቱልኝ።»

ቻምፒዮን ነካም ሳያደርግ መለሰላት። ሚስቲቱ ባትሪውን አወጣች፤ ከሥሩ ያለውን ተለጣፊ በጥፍሯ ላጠችው። አንዲት ብሎን ብቅ አለች። ሴትየዋ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን አልተሳሳተም።

ሁሉን ዐዋቂ ሳቀ። «ይሄም ሥራ ሆኖ ነው?» ስድስት ብሎን ፈታና ጎተተው። እምቢ አለው። እንደገና ጎተተ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሰው እያየው መሸነፉ አንገበገበውና ከኪሱ ሰንጢ መዝዞ በግራው ጎን ሰነቀረው።

«ይበቃል» አለች መርፌ። «ሟቹ የሞተው ሶፋው ላይ፣ በትራስ ታፍኖ ነው። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው በኋላ፣ ሲጠግን የሞተ እንዲመስል ነው። ከፊቱ የተገኘው ጆይስቲክ ስድስት ብሎን ወጥቶለታል፤ ከተለጣፊው ሥር ያለችው ሰባተኛዋ ግን አልተነካችም። ስለዚህ ሟቹ አልከፈተውም፤ ሚስቱም አልከፈተችውም፤ ሁለቱም ያውቋታል። ቻምፒዮን ጭራሽ አይሞክርም። የቀረው ለብሎን መሸነፍ የማይወድ ሰው ነው።»

«ማንም እንዲህ ሊከፍት ይችላል!»

«ይችላል።» ወረቀቱን ፈታችው። ምስር የምታክል የስለት ቁራጭ ወደቀች። «ይህቺ ስንጥቁ ውስጥ ተሰብራ ቀርታ ነበር። እስቲ ሰንጢዎን ያሳዩን።»

የሰንጢው ጫፍ ጎድሏል።

«ኪስዎን የምፈትሽበት ምክንያት አልነበረኝም» አለችው። «‹አላውቅም› ቢሉ ኖሮ አሁን ቤትዎ ይገቡ ነበር። ቻምፒዮን እንኳን ብሎታል። ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ሲለጥፉ ኖረው፣ ከተለጣፊ ሥር ምን እንደሚደበቅ አጡት?»

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያስገባለት ሰውየው እዚያም አራሚ ሆነ። «እንደሱ አይደለም የሚቆለፈው!» ሲል እየተሰማ ደረጃውን ወረደ።

ሚስቲቱ አልተነሳችም። «የወረወርኩት ነገር አይደለም እንዴ የገደለው?»

«አይደለም፣ እህቴ። ያልሽውም አይደለም።»

ሴትየዋ ንጹሕ ወረቀት አነሳች፤ የጆይስቲኩን ቅርጽ ሳለችበት። ከብርጭቆው ስድስቱን ብሎኖች እያወጣች በየቦታቸው ደረደረችና፣ ሰባተኛዋን ልትፈታ ካቻቢቴውን አነሳች። መርፌ ከጎኗ ቁጭ ብላ መብራቱን ያዘችላት።