ካሣነሽ ወይስ ብሌን

«የሕፃኗ ስም?» አለ የልደት መዝጋቢው እስክሪብቶውን አንስቶ።

አቶ ደጀኔ ልጃቸውን ትዕግስትን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «ተናገሪ እንጂ! ስምንተኛ ክፍል ደርሰሽ ስም መናገር ያቅትሻል?»

ትዕግስት ታናሽ እህቷ ከሞተች ወዲህ እንዲሁ ናት፤ አታለቅስም፣ አትስቅም፣ ድንዝዝ ብላለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት በክረምት ትኩሳት የወሰዳትን ያቺን ሕፃን ብሌን ብላ የሰየመቻት እሷ ነበረች። ያኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ አንዲት ነርስ ልጇን ብሌን ብትል ሰፈሩ ሁሉ ተከተላት። ቄሱም «የዓይን ብሌን ማለት ነው፤ ዳዊት ላይ አለ» ብለው መረቁት።

አሁን ሌላ ሴት ልጅ ተወልዳለች። አራሷ እናቷ ዓለሚቱ «ብሌኔ ተመልሳ መጣች፤ ያንኑ ስም አስጽፉልኝ» ብላ ነበር የላከቻቸው። የአባቷ ሐሳብ ግን ሌላ ነው።

«ካሣነሽ ብለህ ጻፍልኝ» አሉ አቶ ደጀኔ ልጃቸውን መጠበቅ ትተው። «እግዜር የካሰን ልጅ ናት። ይቺ እህቴም በሞተ ወንድማችን ምትክ ተወልዳ ካሣነሽ ተባለች። ምን ጎደላት?»

አብረው የመጡት አክስቷ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ምን ጎደላት ትላለህ? እናታችን እኔን በጠራች ቁጥር እሱ ትዝ እያላት እንባዋ ይመጣ ነበር። ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ በማላውቀው ልጅ ቦታ አቤት እላለሁ! እኔን ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። እናቷስ ብሌን በሉልኝ ብላ አልላከችንም?»



«ታዲያ ብሌንስ ምን አላት?» አለ መዝጋቢው። «ዘንድሮ በየቤቱ ብሌን ነው፤ በዚህ ወር ብቻ ስድስት ጽፌአለሁ።» ወደ ትዕግስት ዞረ። «ለመሆኑ ልጅቷ ምን ትመስላለች?»

ሕፃኗ ከተወለደች ሃያ ቀኗ ነው። ትዕግስት ጨርቋን አጥባለች፣ ውኃዋን አሙቃለች፣ ለቅሶዋን ሰምታለች። ፊቷን ግን አንድ ቀን እንኳ ትኩር ብላ አላየችም። ካየቻት የድሮዋን የምትረሳት መስሏት ፈርታ ነበር። አሁን ግን አፈረች፤ ከስንት ወር በኋላ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ሐፍረት ነው።

«አባዬ፣ ዛሬ አይጻፍ» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ሥራ ፈትተን መጥተን?»

«አላየኋትም እኮ። ቤት ገብቼ በደንብ ልያትና ስሟን እነግርዎታለሁ።»

አቶ ደጀኔ ሊቆጡ ሲሉ አክስቷ እጃቸውን ያዝ አደረጓቸው። ትዕግስት ባጃጅ እንኳ ሳትጠብቅ የቤቷን መንገድ ተያያዘችው።