ካርቱኑ እስኪያልቅ

«እታለም፣ እንዳትጮሂ እሺ?» አለ ጀነራሉ።

ብልጢት ጮኸች። ፖፖው ውስጥ ያየችው ነገር የሚያስጮህ ነበር። ነጩ ፕላስቲክ ላይ ደማቅ ደም ተንጠባጥቧል፤ ሶፍቱም ላይ አለ። ትንሹ ወንድሟ ጀነራሉ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደወደቀ፣ አንድ እጁን መቀመጫው ላይ አድርጎ በሌላው የእሷን ስልክ እንደያዘ ቆሟል። ስልኩ ላይ ካርቱኑ አሁንም ይጨፍራል።

«ምን ሆንክ? ተናገር እንጂ!»

«ያቃጥለኛል። ትላንትም አቃጥሎኝ ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደግሞ እብጥ ያለች ነገር አለች። ለእማ እንዳትነግሪ።»

ትላንትም! ብልጢት ስልኩን ከእጁ ነጥቃ እናቷ ጋ ደወለች። «እማ፣ ደም... ጀነራሉ... ደም» ከማለት በላይ ቃል አልወጣትም። እናትየዋ ከምትሠራበት ስፌት ቤት ስትሮጥ መጥታ በሩን በርግዳ ገባች። ትልቁን የጨርቅ መቀስ እንደያዘች መሆኗን ያወቀችው ልጇን ልታቅፍ ስትል ነው።

ልጁን ጀነራል ያሉት አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ ቤቱን ሁሉ ስለሚያዝ ነው። እህቱ ደግሞ መላ ስለማታጣ ብልጢት ተባለች። ጤና ጣቢያው እስኪደርሱ ግን ጀነራሉም ትእዛዝ አልሰጠ፣ ብልጢትም መላ አልመጣላት።

ሐኪሟ ልጁን እያጫወተች በቀስታ መረመረችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ወደ እናትየዋ ዞረች።

«ኪንታሮት ነው። ትንሽ ነች።»

«ኪንታሮት?» እናትየዋ ክው አለች። «የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ ዶክተር? እኔ የማውቀው አባቴን ሲያሰቃየው ነው። ይሄ እኮ ገና አምስት ዓመቱ ነው!»

«እውነትዎን ነው፣ በዚህ ዕድሜ ብዙም አይታይም። ሕፃን ሲደማ አብዛኛውን ጊዜ ድርቀት ያመጣው መሰንጠቅ ነው። ለዚህ ነው በግምት ሳታክሙት ማምጣታችሁ ጥሩ የሆነው። የእሱ ግን የደም ሥር እብጠት ነው። አይዞዎት፣ ቤት ውስጥ በእንክብካቤ ይሻለዋል።»

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ሳይፈተግ እንዲደርቅ፣ ውሃ በደንብ እንዲጠጣ፣ ፍራፍሬና አትክልት እንዲበላ ነገረቻቸው። «ካካው ሲመጣ አይያዝ፤ አልወጣ ካለም አያምጥ። የአዋቂ ቅባትና የጎረቤት መድኃኒት እንዳይነካው። ደሙ ካላቆመ ወይም ሕመሙ ከባሰ ቶሎ አምጡት።» እየጻፈች ቆም አለች። «ግን ፖፖ ላይ ምን ያህል ይቆያል? ብዙ መቀመጥ ዋናው ጠላት ነው። ደሙ ወደ ታች ይጠራቀምና የደም ሥሩን ይወጥረዋል።»

ብልጢት ስልኳን ወደ ኪሷ ከተተች።

ከትምህርት ቤት መልስ ወንድሟን የምትጠብቀው እሷ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ጀነራሉ ቁም ስቅሏን ያሳያት ነበር፤ አልጋ ላይ ይዘላል፣ ደብተሯ ላይ ይሥላል። በኋላ ግን መላ ተገኘ። ፖፖው ላይ ታስቀምጠውና ስልኩን ታቀብለዋለች። «ባይመጣህም ቁጭ በል፤ ከተነሳህ ካርቱኑ ይጠፋል» የሚል ሕግም አወጣች። የተቀመጠ ጀነራል አይዋጋም። እግሩ ደንዝዞ ሲነሳ እስኪንገዳገድ ድረስ ይቆያል። እሷ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከቤት ሥራው ከጓደኛዋ ጋር የምታወራው ይበልጣል። «ልጅ መጠበቅ ለኔ ውሃ መጠጣት ነው» እያለች ጉራዋን ስትነዛ ነው የከረመችው።

«ትንሽ! ትንሽዬ ብቻ ነው የምቀመጠው!» አለ ጀነራሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ብልጢትን አያት። እሷም አየችው። ብልጥ ለብልጥ፣ ዐይን ብልጥጥ ማለት ይሄኔ ነው። «ለእማ ከነገርክ ስልክ የለም» ብላ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ ተማሪዋ እንዲህ ጎበዝ ይወጣዋል ብላ ግን አላሰበችም። ውሸቱ እንዴት እንደቀለለው ስታይ ከደሙ እኩል ደነገጠች።

«እውነት ነው?» አለቻት ሐኪሟ።

«አዎ... ብዙም አይቆይም።»

ቤት ሲደርሱ እናትየዋ ሳፋ ውስጥ ውሃ አለዘበች፤ በክርኗ ለክታ ጀነራሉን አስቀመጠችው።

«ኧረ ደስ ይላል! ዋና ነው እንዴ?» አለ።

እናትየዋ አልሳቀችም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ጠዋት ሮጬ እወጣለሁ፣ ማታ ደክሜ እገባለሁ። ምን እንደበላ፣ ውሃ ይጠጣ አይጠጣ መቼ አየሁ? በቃ፣ ሥራው ይቅርብኝ። አሁኑኑ ለኃላፊዋ ደውዬ እነግራታለሁ።»

ብልጢት ዞር ብላ አየቻት። ያንን ሥራ? እናቷ እዚያ ስፌት ቤት የገባችው ቁርጥራጭ ጨርቅ ልትጠርግ ነበር። በቅርቡ ግን ጨርቅ ቆራጭ ሆነች፤ የሆነች ቀን ማታ ጣቶቿ በጠመኔ ነጥተው ገብታ ሁለቱንም አቅፋ ጨፍራለች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የማታውቀውን ሰው ቀሚስ እያሳየች «ያቺን እኔ ነኝ የቆረጥኳት!» ትላቸዋለች።

«እማ፣ በዚህ ምክንያት ሥራ ይተዋል እንዴ?»

«ልጄን ደም እየፈሰሰው ‹በዚህ ምክንያት› ትዪኛለሽ?» አለችና ቁጥሩን ነካች።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። ብልጢት ብትናገር እናቷ ሁለተኛ አታምናትም። ዝም ብትል ደግሞ እናቷ ባላጠፋችው ጥፋት ቤት ትውላለች።

«እማ፣ ትንሽ አይደለም የሚቀመጠው።»

«ምኑ?»

«ፖፖ ላይ። ካርቱኑ እስኪያልቅ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላ እከፍትለታለሁ... አርፎ እንዲቀመጥልኝ ብዬ። በየቀኑ። ሐኪሟን ዋሸኋት። እሱንም መዋሸት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ጀነራሉ ሳፋው ውስጥ አፉን ከፈተ። «ነገርሻት?!»

እናትየዋ ልጇን ዛሬ ገና እንዳየቻት ሁሉ አፍጥጣ ቀረች። ከስልኩ ውስጥ «ሃሎ? ሃሎ?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ሃሎ፣ እንደምን አመሹ» አለች በመጨረሻ፣ ዐይኗን ከብልጢት ሳትነቅል። «ይቅርታ፣ ነገ ትንሽ ላረፍድ እችላለሁ ለማለት ነው። ልጁን አሞት ነበር፤ ሐኪሟ ጋ ተመልሼ የምነግራት ነገር አለ... አይ፣ መምጣቱን እመጣለሁ። እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ብልጢት ቁጣውን ጠበቀች፤ ቁጣው አልመጣም። እናትየዋ መዳፏን ብቻ ዘረጋች። ብልጢት የራሷን ስልክ ከኪሷ አውጥታ እዚያ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ፣ ነገ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ» አለች። «ለሐኪሟ ራሴ ነኝ የምነግራት።»