ለሦስት ሰው የተሰጠ ምድር ቤት

ጀማነህ ሞቶ የተገኘው ግድግዳውን ራሱ ባስቆመው ክፍል ውስጥ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ የ1978 ዓ.ም. ጥምቀት ነበር። የአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ በበረዶ ተሸፍናለች። ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ባለው ቤቱ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ገና ቀለም ባልነካው ክፍል፣ የሥራ ቱታውን ሳያወልቅ ፍራሽ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። የጥፍሮቹ ሥር ከሞተ ሰው በማይጠበቅ ሁኔታ ቀልቷል።

አፀደ ተንበርክካ ጥፍሮቹን አየችና ቀና አለች። አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ ወንጀል ምርመራ ባልደረባ ነበረች። አሜሪካ ከገባች በኋላ ነርስነት ተምራለች፤ አሁን ለካውንቲው አስከሬን መርማሪ ቢሮ፣ ድንገተኛ ሞት የደረሰበት ቤት ሁሉ እየሄደች አሟሟቱን ታጣራለች። ይህን ጥሪ ለእሷ የሰጧት የቤቱ ሰዎች አበሾች ስለሆኑ ነው።

ቀድሟት የደረሰው ሳጅን ነገሩን ጨርሶታል። ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ፈርነስ ከክፍሉ አጠገብ ቆሟል፤ ጭሱን ወደ ውጪ የሚያወጣው የቆርቆሮ ቱቦ ግን ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሟቹ ጣሪያውን ድራይዎል በሚሉት የጂፕሰም ሰሌዳ ሊሸፍን ሲል ቱቦው ስለከለከለው የነቀለው ራሱ ነው። መስኮቶቹንም ብርድ እንዳያስገቡ ደፍኗቸው ነበር። ፈርነሱ ሲነድ ሽታ የሌለው፣ ደም የሚያቀላው የጭሱ መርዝ ክፍሉን ሞላው፣ ሰውየውም እንደተኛ ቀረ። ሳጅኑ ለባለሙያ የሚከፈለውን ሊያተርፍ የሞተ ሰው ሲያይ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ነገራትና ወደ መኪናው ሊሄድ ተነሣ።

አፀደ ግን ወደ ላይ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ፈርነሱን የሚያዘው ቴርሞስታት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ጀማነህ የቤቱ ሰው ሙቀት እንዳይጨምር በተበሳሳ የፕላስቲክ ሣጥን ሸፍኖ ቆልፎበታል። መርፌው መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ነው። ቁልፉ በክር ታስሮ ሟቹ አንገት ላይ ተገኝቷል።

«ታዲያ ማን አነደደው?» አለች ለሳጅኑ።

ሳጅኑ የመኪናውን በር ሳይከፍት ተመለሰ።

የሟች ሚስት ሂሩት ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። አፀደ ባየቻት ጊዜ ነገሩን ራሷ አነሣችው።

«ምነው አታለቅስም ይላሉ አይደል፣ እትዬ አፀደ? እንባው ነው እምቢ ያለኝ። ሰባት ዓመት ሲያስለቅሰኝ ኖሮ ጨረሰብኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው አጭር ነበር። ጀማነህ ከፋብሪካ የሌሊት ሺፍት ጠዋት ሲመለስ ቱቦውን ነቅሎ፣ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ ቆለፈ። ተኝቶ ሲነሣ ቱቦውን እንደሚመልሰው፣ እስከዚያ ማንም እሳት እንዳይመኝ ለእሷ፣ ለወንድሟና ፎቅ ላይ ለሚኖረው ጓደኛው አስጠንቅቆ ወረደ። እሷ ለበዓሉ የሠራችውን ዶሮ ይዛ ከወንድሟ ጋር የአበሾች ማኅበር ወደተከራየው አዳራሽ ሄደች፤ እስኪመሽም ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

አፀደ ክፍሉ ለምን እንደሚሠራ ጠየቀቻት።

«ለእናቴ ነዋ። እናትሽን አመጣልሻለሁ አለኝ። ያን ሁሉ ድራይዎል በትከሻዬ ያወረድኩት ለእሷ ብዬ ነው።»

አፀደ እየሰማች ዓይኗን ወደ መደርደሪያው ላከች። የሙቅ አየሩ መውጫ አጠገብ የቅቤ ሣህን አለ። ቅቤው ጠንክሯል፤ ፊቱ ግን እንደ ረጋ ውሃ ልሙጥ ነው።

«ከዚህ ቅቤ የወሰድሽው መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ለወጡ። በርዶ ድንጋይ ሆኖብኝ በቢላዋ ነው የፈለጥኩት። ይህ ሰውዬ ቤቱን መች አሙቆልን ያውቃል?»

የቢላዋ ምልክት አንድም አይታይም። አፀደ ይህን ለራሷ ያዘችው።

የሂሩት ወንድም ዳኛቸው ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳል። ሲቀመጥም እንደ ተቀጣጠለ ነው።

«አገር ቤት ፖሊስ፣ እዚህም ፖሊስ። የት እንሂድላችሁ?»

«ባለፈው እሑድ አዳራሽ ውስጥ ጀማነህን እቀብርሃለሁ ብለኸዋል ይላሉ» አለችው አፀደ፤ በሩ ላይ የቆሙት ጎረቤቶች ቀድመው ነግረዋታል።

«ብያለሁ። እኅቴን በጥፊ መትቷት ነው የመጣው። ዛሬም ብትጠይቂኝ እላለሁ።»

ክፍሉ የእሱ ፀጉር ቤት ሊሆን ነው አለ፤ ጀማነህ ቃል ገብቶለታል። በእያንዳንዱ የዕረፍት ቀኑ ኮንክሪት ሲሰብር የከረመው ለዚያ ነው። ዛሬ ግን ቀኑን ሙሉ ከአዳራሹ አልወጣሁም አለ። ይህን ሲናገር የሸሚዙን እጅጌ ወደ ውስጥ ሸሸገ። አፀደ ግን አይታዋለች፤ ከክርኑ በታች ወርዶ የደረቀ የቅባት ጠብታ አለ።

ሬሳውን ያገኘው ሦስተኛው ሰው ነው። ሰይፈሥላሴ ከጀማነህ ጋር ከሱዳን አብሮ የመጣ፣ ፎቅ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል የያዘ፣ መሐል ከተማ የሆቴል ፓርኪንግ ጠባቂ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ግን እንደ ስድብ ይቀበለዋል።

«ሁለቱ ከሄዱ በኋላ ነው ወደ ሥራ የወጣሁት። ቤቱ በረዶ ነበር፣ ትንፋሼ ይታየኝ ነበር። እሱ ታች ተኝቷል። ሲመሽ ተመልሼ ብጠራው ዝም አለ። ወርጄ አየሁት፣ መስኮቶቹን ከፈትኩ፣ ፖሊስ ኮል አደረግኩ። ሌላ ምን ልጨምርልዎ?»

«ክፍሉ ለማን እንደሚሠራ።»

ሰይፈሥላሴ እጁን አየ። የመዶሻ እጀታ ያቆሰለው መዳፉ ገና አልዳነም።

«ለሚስቴና ለልጄ ነበር» አለ።

ሌሎቹ ስለ እናታቸውና ስለ ፀጉር ቤታቸው ሲያወሩ ተስፋው ገና እጃቸው ላይ እንዳለ ሰው ነበር። ይህኛው ግን «ነበር» አለ። አፀደ ከመውጣቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ዳግመኛ ቆመች። ከቴርሞስታቱ ሣጥን ሥር የግድግዳው ወረቀት አብጧል፤ በጣቷ ስትነካው እርጥብ ነው። በዚያ ግድግዳ ውስጥ የውሃ ቧንቧ አያልፍም።

በማግስቱ ሦስት ቦታ ሄደች። የአዳራሹ ሴቶች ሂሩት ከአጠገባቸው እንዳልተለየች፣ ዳኛቸው ግን ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ እንደቆየ ነገሯት። ስደተኞችን የሚያስመጣው ድርጅት ጸሐፊ የጠየቀቻትን አጣርታ መለሰችላት። በመጨረሻ ሰይፈሥላሴ የሚሠራበት ፓርኪንግ ደረሰች። የጠባቂዎቹ ጎጆ ውስጥም የማሞቂያው ቴርሞስታት በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። በሣጥኑ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የዳቦ ላስቲክ አለ፤ ውስጡ በረዶ ነው። ተረኛው ጠባቂ እየሳቀ ይህን ያስተማራቸው ሰይፈሥላሴ መሆኑን ነገራት። አፀደ አብራው አልሳቀችም።

ማክሰኞ ቤቱ በለቅሶኛ ተሞልቶ ነበር። አፀደ እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቃ አስወጣችና ሦስቱን ሳሎን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ?» አለ ዳኛቸው። «ሬሳውን እንኳ አላስረከባችሁንም።»

«ዛሬ ትረከባላችሁ። መጀመሪያ ግን አድምጡኝ። ጀማነህ የሞተው ፈርነሱ ስለነደደ ነው። ፈርነሱ ደግሞ ሣጥኑ ሳይከፈት ነው የነደደው። ይህ ቤት እሑድ ዕለት ለሰዓታት ሞቆ ነበር። ሂሩት ጠዋት በቢላዋ የፈለጠችው ቅቤ ቀልጦ፣ ማታ መስኮት ሲከፈት እንደገና ረግቷል። የቢላዋው ምልክት የጠፋው ለዚያ ነው።»

ሂሩት ወደ ወጥ ቤቱ ዞር አለች።

«ቴርሞስታት ዓይን የለውም» አለች አፀደ። «የሚያውቀው አጠገቡ ያለውን አየር ብቻ ነው። በላስቲክ በረዶ ሞልቶ ሣጥኑ ላይ ያንጠለጠለበት ሰው ካለ፣ ቤቱ የበረደ መስሎት ፈርነሱን ያነድዳል። በረዶው እስኪሟሟ ድረስም አያቆምም። ላስቲኩ ሲነሣ ውሃው ግድግዳው ላይ ፈሰሰ፤ ወረቀቱ እስካሁን አልደረቀም።»

ሰይፈሥላሴ እግሩን አነባብሮ ወለሉን ያያል።

«ሂሩት ከአዳራሹ አልወጣችም። ዳኛቸው ግን ወጥተሃል። ዋሽተኸኛል።»

ዳኛቸው ብድግ አለ። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ዳኛቸው እኅቱን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ረስተውት የሄዱትን የጠላ ጀሪካን ሊወስድ መጥቶ በወጥ ቤቱ በር እንደገባ፣ በዚያ ዛቻው ላይ ቤት ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል ብሎ እንደደበቀ ተናገረ።

«ዳቦም በልተሃል» አለችው አፀደ። «ቅቤ አፍስሰህበት። እጅጌህ ላይ ተንጠባጥቧል። የረጋ ቅቤ አይንጠባጠብም፤ ስለዚህ አንተ ስትገባ ቤቱ ከሞቀ ቆይቷል። እሳቱን ያስነሣው ከአንተ በፊት እዚህ የነበረ ሰው ነው። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ቤቱ በረዶ ነበር፣ ትንፋሼ ይታየኝ ነበር ብሎኛል።»

ማንም ወደ ሰይፈሥላሴ ለመዞር አልደፈረም። እሱ ቀና አለ።

«በረዶ በየሰዉ ግቢ አለ፣ ወይዘሮ» አለ። «ማንም በላስቲክ ሊሰቅለው ይችላል።»

«በየሰዉ ግቢ አለ። ሣጥን ላይ መስቀል የሚያውቀው ግን የፓርኪንጉ ጠባቂ ነው። ጎጆው ውስጥ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። ያስተማሩት እርስዎ ነዎት።»

አፀደ ወደ ዳኛቸው ዞረች።

«ከዚህ ስትወጣ ምን ሆነህ ነበር?»

«ራሴን ይዞኝ ነበር። መንገድ ላይ መኪና አቁሜ አስመለሰኝ።»

«መርዙ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ትንሽ ልረፍ ብለህ ይህ ሶፋ ላይ ጋደም ብትል ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምናነሣው።»

ሰይፈሥላሴ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። ዳኛቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ሰው አየው።

«አዳራሽ ነው የሚውለው ብዬ ነው» አለ። «መርዙ ሂሩትን እንዳይነካት ቀድሜያት መጥቼ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። አንተ ትመጣለህ ብዬ አላሰብኩም።»

ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው አልነበረም። ጀማነህ ሲያስቆፍረው የከረመው ስፖንሰርነቱን እኔ አስገብቼልሃለሁ፣ ሚስትህና ልጅህ ከካርቱም ሲመጡ ይህ ክፍል የእነሱ ነው እያለ ነበር። ሰይፈሥላሴ ከሥራ መልስ እየወረደ የወለሉን ኮንክሪት ሰበረ፣ ፍርስራሹን በባልዲ አወጣ፣ ግድግዳውን አቆመ። በኅዳር ልጁ በወባ መሞቷን ሚስቱ ደውላ ነገረችው። ሐዘኑን ለማንም ሳይናገር ወደ ድርጅቱ ሄደና የሚስቱ ጉዳይ እንኳ የት እንደ ደረሰ ጠየቀ። በእሱም ሆነ በጀማነህ ስም ምንም አልቀረበም አሉት። አፀደም ከዚያው ጸሐፊ የሰማችው ይህንኑ ነው።

«ልጠይቀው ታች ወረድኩ» አለ። «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በልና ያን እንጨት አቀብለኝ አለኝ። አቀበልኩት።»

ሂሩት ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። አፀደ ልትጮህ ነው ብላ ጠበቀች።

«ለእኔ ለእናትሽ ነው ይለኛል» አለች ሂሩት ዝግ ባለ ድምፅ፤ «ለወንድሜ ለፀጉር ቤትህ፣ ለአንተ ለልጅህ። ሦስታችንም አንዱን ክፍል ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም። እሱ ሲዋሽህ ተገኘ፤ አንተስ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቤቴን ሬሳ ማውጫ አደረግከው። ከእንግዲህ ዓይንህን አያሳየኝ።»

ሳጅኑ እጁን አሠረው። በበረንዳው ላይ ለቅሶኞቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ሰላም ያለው የለም።

ፍርዱ ከወራት በኋላ ተሰጠ፤ ዕድሜው እዚያው እስር ቤት እንደሚያልቅ ሁሉም ዐወቀ። ሂሩት ችሎት አልቀረበችም። ይልቅ አንድ ቀን ድርጅቱ ቢሮ ሄዳ፣ ለምን እንደሆነ ለወንድሟም ሳትነግር፣ የሰይፈሥላሴን ሚስት ስፖንሰር አደረገች። ዳኛቸው ሲሰማ ጥሏት ወጣ፤ ለረጅም ጊዜም አላናገራት።

የሰይፈሥላሴ ሚስት ማንያህልሻል በሚቀጥለው ዓመት መጣች። ሁለቱ ሴቶች ኤርፖርት ላይ አልተሳሳሙም። ቤት ሲደርሱ ሂሩት ምግብ አቀረበች፤ እንግዳይቱ አንድ ጉርሻ ወስዳ እጇን ሰበሰበች። አንዷ የገዳይ ሚስት ናት፤ ሌላይቱ ቃሉን በልቶ ልጅ ያስቀረ ሰው ሚስት። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ቀስ ብላ ማንያህልሻል ተነሣችና ሳትጠይቅ የምድር ቤቱን በር ከፍታ ወረደች። ሂሩት ተከተለቻት። ክፍሉ ያን ዕለት እንደተዘጋ ነው። ሴትዮዋ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው፤ ባሏ የመታቸውን ምስማሮች በጣቷ ነካካች።

«የልጄ አልጋ የት ነበር የሚሆነው?» አለች።

ሂሩት ያን ክፍል ስታስብ የኖረችው ለእናቷ ብቻ ነው፤ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም በልቧ አስተካክላ ነበር። ብርሃን የሚገባበትን ጥግ አሳየቻት።

«እዚህ» አለች።